ቧንቧው እንዴት አደረ?

ታላቅ እህቴ ሥራዋን ልታጣ የነበረው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ዘመዶቻችን ታሪኩን ሲያወሩት እኔን እንደ ባለውለታ አድርገው ማውራት ጀምረዋል፣ እኔም ዝም ብዬ ስሰማ ከርሜአለሁ። ባለውለታ አይደለሁም። አፌን መዝጋት የማልችል ፀጉር ሠሪ ነኝ።

እህቴን ትንሹም ትልቁም "እታለም" ነው የሚላት። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ፋክስና ፕሪንተር ሸጣለች። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ "ማይክ" የሚል ስም ወጥቶላታል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆና ስልክ ስታወራ ምድር ቤት የተቀመጠው ዘበኛ የእሷን ብቻ ሳይሆን በወዲያኛው ጫፍ ያለውን ሰው መልስ ጭምር ይሰማል ይባላል።

የአሸጣጧ ነገር ለብቻው ነው። ማሽን በሸጠች በሦስተኛው ቀን ለገዢው ትደውልና "ማሽኑ እንዴት አደረ?" ትላለች፣ አራስ የምትጠይቅ ይመስል። ሰውየው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ "ኧረ ደህና ነው፣ ትንሽ ወረቀት ይጎትታል እንጂ" ይላል። ቀጥሎ የልጁን ፈተና፣ የሚስቱን የወገብ ሕመም ይነግራታል። እሷ ሁሉንም ሰማያዊ ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ አንዱ ገጽ ላይ "ቶነር በሁለት ወር። ወገቧ ተሽሏታል" የሚል በዓይኔ አይቻለሁ። ሌሎች ሻጮች ዋጋ ሲሰብሩ የእሷ ደንበኞች ንቅንቅ አይሉም ነበር። "ዋጋ የሚቀንስ ሞልቷል፣ እንዴት አደርክ የሚል ነው የጠፋው" ትለኛለች፣ እኔ ጋ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ፀጉሯ እየደረቀ፣ የካስኩን ድምፅ ለመብለጥ እየጮኸች። እሷ እንኳ መጮህ አያስፈልጋትም ነበር።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። መጀመሪያ ፋክስ ሞተ፣ ቀባሪም አልነበረው። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ እያነሳ መላክ ጀመረ። በመጨረሻው ዓመት ድርጅቱ የሸጠው ዘጠኝ ማሽን ብቻ ነው፣ ከዘጠኙም ሁለቱ ተመልሰዋል። ሽማግሌው ባለቤት "በቃ ደከመኝ" ብለው ወንበሩን ለልጃቸው ለቀቁ።

ልጅየው ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሕፃን ሳለ እታለም ቢሮ እየገባ ፊቱን የማሽኑ መስተዋት ላይ ለጥፎ አፍንጫውን ኮፒ ያደርግ ነበር፤ አንዱን ቅጂ እስከ ዛሬ መሳቢያዋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። አሁን ተምሮ፣ መነጽር ሰክቶ፣ ግድግዳ ላይ ግራፍ እያሳየ መጣ። እሷም "ግራፉ" አለችው። ሰው ፊት "ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎ" ትለዋለች፤ ብቻቸውን ሲሆኑ "አንተ ልጅ" ነው።

ሐሳቡ ግን የሞኝ አልነበረም። ማሽኖቹ ቢሞቱ የሚጠግኗቸው አርባ ባለሙያዎች አልሞቱም። ከእነሱ መካከል ኤሌክትሪክ የሚያውቅ አለ፣ ቧንቧ የሚያውቅ አለ፣ የላላ የበር እጀታ አይቶ ማለፍ የማይሆንለትም አለ። ስለዚህ አፕ አሠራ። ስልክህን ትከፍታለህ፣ የተበላሸውን ትጽፋለህ፣ ጠጋኙ ቤትህ ድረስ ይመጣል። የሚቀረው ሰው እንዲያውቀው ማድረግ ነው፣ እሱ ደግሞ የእታለም ሥራ ነው።

"እርስዎ ገበያ ያውቃሉ" አላት ግራፉ በትሕትና፣ "ይሄኛውን ገበያ ግን እንጃ።" ሦስት ወር ሰጣት። በሦስት ወር ውስጥ አፑን ጭነው በየሳምንቱ የሚከፍቱ ሺህ ሰዎች ካመጣች የማርኬቲንግ ኃላፊ ትሆናለች። ካላመጣች በሃምሳ ሦስት ዓመቷ በክብር ትሸኛለች። እታለም "በክብር" የምትለዋን ቃል ይዛ እኔ ጋ መጣች። "በክብር ማለት የግድግዳ ሰዓት ሰጥተው ማለት ነው" አለችኝ። "የምሄድበት ከሌለኝ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቁ ምን ይረባኛል?" እንዲህ ስትለኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፣ እኔም ከልቤ አዘንኩ።

በማግስቱ ግን ቀይ ደብተር ገዝታ መማር ጀመረች። ኖቲፊኬሽን፣ ፎሎወር፣ ዳሽቦርድ፣ ሁሉንም እየጻፈች ታጠናለች። ዳሽቦርድ የመኪና ነው ብላ ከሥሯ ከተመደቡት ስድስት ወጣቶች ጋር ሁለት ቀን ተከራክራለች። የመጀመሪያ ማስታወቂያዋን "ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን" ብላ ጀምራ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈችው። ከወጣቶቹ አንዷ አነበበችና "እታለም፣ ሰው ይሄን አንብቦ እስኪጨርስ ቧንቧው ራሱ ይድናል" አለቻት። እታለም ከት ብላ ስቃ ቀደደችው። በሳምንቱ ሦስት ቃል ብቻ ጻፈች፦ "የሚያንጠባጥብ ነገር አለ?" ቁጥሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

መንቀሳቀሱ ግን በዝግታ ነበር። ሁለት ወር ሲሞላ አራት መቶ ሠላሳ ላይ ደረሰች። በዚያ ሳምንት እንደ ወትሮዋ ቅዳሜ እኔ ጋ መጥታ ፀጉሯ ተሠርቶ እስኪያልቅ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ማይክ ዝም ስትል እንዴት እንደሚያስፈራ ያየ ያውቀዋል። ከወንበሩ ስትነሳ "ደህና ነሽ?" ብላት "ደህና ነኝ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ያን ጊዜ አበቃላት አልኩ በሆዴ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መመለጡን እንኳ እኔ በሙያዬ ቀድሜ አውቃለሁ፤ የአፌን ግን አላወቅሁትም። እሷ ገና ደረጃውን ሳትወርድ ለታላቋ አክስታችን ደወልኩ። "እማማ፣ ለእታለም ሲሉ ይችን ነገር ስልክዎ ላይ ያስጭኑና በየቀኑ ይክፈቷት። ለማንም እንዳይነግሩ ብቻ" አልኳቸው። አክስታችን ለማንም አይንገሩ የተባሉትን ነገር የሚናገሩት በሥርዓት ነው፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል። እስከ ምሽት የእናታችን ወገን አለቀ። በማግስቱ የአባታችን ወገን "እኛ ምን አጠፋን?" ብሎ ተቀየመ፣ እሱም ገባ። ከዚያ አማቾች፣ የአማቾች ጎረቤቶች፣ አንድ ቢሮ ሙሉ የአጎታችን ልጅ የሥራ ባልደረቦች። እኔም ከካስክ ሥር ያገኘሁትን ሁሉ ስልኩን እየተቀበልኩ ጫንኩ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እያልኩ ራሴን አሞግስ ነበር።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁጥሩ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ገባ። ግራፉ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። የአፑን ቁጥሮች የሚያሳየውን ዳሽቦርድ ግድግዳው ላይ አውጥቶ "እዩ፣ እዩ! ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች! በቀን ሦስት ጊዜ ይከፍታሉ፣ በየቀኑ፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት!" አለ። እውነቱን ነው። አክስታችን እንዳይረሱት ብለው ከደም ግፊት ኪኒናቸው ጋር አብረው ነበር የሚከፍቱት፣ ለእህቶቻቸውም ይህንኑ ዘዴ አስተምረዋል። ግራፉ የወደፊቱ ገበያ አሮጊቶች ናቸው ብሎ ደመደመ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ መፍቻ ይዘው ፈገግ ያሉ ሴትዮ ያሉበት ትልቅ ፖስተር አሳተመ። ዓርብ ዕለት ለአባቱና ለባለ አክሲዮኖቹ ሊያቀርብ ነው።

እታለም ይህን ልትነግረኝ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። "አገኘሁት!" አለችኝ። "የት ነበሩ እስከዛሬ እነዚህ ሴቶች? እኔን የሚመስሉ፣ በእኔ ዕድሜ ያሉ! ገበያዬ እኔው ነበርኩ!" አቅፋ አዞረችኝ። እኔም "እንኳን ደስ አለሽ" አልኩ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የያዝኳትን ደንበኛ ጆሮ በጋለ ማበጠሪያ ነካኋት፤ ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ተመልሳ አልመጣችም።

እንግዲህ እኔ ብቻ ሳልሆን ማንም ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። እታለም ደንበኛ ካገኘች ትደውላለች። ሰኞ ጠዋት ከዝርዝሩ ላይ አፑን ከሁሉ አብልጦ የሚከፍተውን ሰው ቁጥር አስወጣችና በቢሮው ስልክ ደወለች። ስሙ የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ዛሬ የዘመዱን ስልክ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ማን አለ?

"ጤና ይስጥልኝ፣ ከጥገና ድርጅቱ ነው። ምን ተበላሽቶብዎት ነበር?" አለች።

"ውይ ልጄ፣ ምንም አልተበላሸ!" አሉ አክስታችን። "ላንቺው ብዬ ነው እንጂ። ደግሞ እህትሽ አትንገሪ ብላኛለች።"

ቀትር ላይ እኔ ጋ ደረሰች። ሁለት ሴቶች ካስክ ውስጥ ነበሩ፣ አንዷ ፀጉሯን በቢጉዲ ተጠቅልላ ተራዋን ትጠብቃለች። እታለም በሩ ላይ ቆመች።

"ስንት ናቸው?"

"እኔ የነገርኳቸው ወደ አርባ ቢሆኑ ነው" አልኩ። "እነሱ የነገሯቸውን ግን ፈጣሪ ይወቀው።"

"እኔ ልንገርሽ። ከፍተው ምንም ሳይነኩ የሚወጡት አምስት መቶ ስልሳ ሁለት ናቸው። ቆጥሬ ነው የመጣሁት።"

"ለአንቺ ብለን እኮ ነው እታለም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ…"

"አትተርቺብኝ!" አለች። ካስክ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁለቱም አንገታቸውን አወጡ። "አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። አትችልም ብለሽ ነው አይደል? እውነቱን ንገሪኝ።"

ልዋሽ ፈለግሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለደንበኞቼ "ይኼ ቀለም ያምርብሻል" እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ለእሷ ግን አልመጣልኝም። "አዎ" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፣ ወጣች። ቢጉዲ የተጠቀለለችው ሴትዮ "አሁን እንዲህ ይባላል?" አለችኝ። ማበጠሪያዬን አስቀምጬ አለቀስኩ።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ዘበኛው ነው፤ እሱ ደግሞ የሰማው እዚያው ምድር ቤት ቁጭ ብሎ ነው። እታለም ግራፉ ቢሮ ገብታ ሁሉንም ነገረችው።  ፖስተሩ ታትሟል፣ ለአባቱም ወሬው ደርሷል። "ቁጥር ቁጥር ነው" አላት በመጨረሻ። "ዓርብን እንለፍና ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። ኃላፊነቱንም ያገኛሉ፣ ማን ያውቃል?"

"አንተ ልጅ!" አለች፣ በሩ ክፍት መሆኑን ረስታ። "እነዚህ ደንበኞች አይደሉም፣ ጠያቂዎች ናቸው። ታማለች ተብለው የመጡ! ላም አለኝ በሰማይ ይዘን አባትህ ፊት እንቅረብ? የሚመጣው ወር የአክስቴ ስልክ ሲጠፋ ምን ልትል ነው፣ ገበያው ወደቀ?"

ዓርብ ዕለት ራሷ ቆማ ቁጥሩን ቀንሳ አቀረበች። ስድስት መቶ አሥራ ስምንት። ከእነዚህም ውስጥ ጠጋኝ ጠርተው ያስጠገኑት አራት መቶ ሃምሳ ብቻ ናቸው አለች። "የከፈተ ሁሉ አይቆጠርልኝ። ያስጠገነ ሺህ ቤት አመጣለሁ። አንድ ወር ጨምሩልኝ።" ከተጠየቀችው በላይ ቃል መግባቷ ነው፤ በወር ውስጥ አምስት መቶ ሃምሳ ቤት። ሽማግሌው ባለቤት መነጽራቸውን አውልቀው "በአንድ ወር ምን ልታደርጊ?" አሏት። "እደውላለሁ" አለች። ወሩን ሰጧት። የመሸኛ ደብዳቤዋ ግን ተተይቦ፣ ቀኑ ብቻ ቀርቶት፣ ጸሐፊዋ ጋ እንደተቀመጠ ዘበኛው ነግሮኛል።

መጀመሪያ ያደረገችው ዘመድ ማባረር ነው። ለሁሉም መልእክት ላከች፦ ዛሬውኑ አጥፉት። አምስት መቶ ስልሳ አንዱ ታዘዙ። አክስታችን እምቢ አሉ። ለካ እታለም ከደወለችላቸው በኋላ አንድ ቀን ሲከፍቱ ጣታቸው ስቶ ጠጋኝ ጠርተዋል፣ ጠጋኙም መጥቶ አራት ዓመት ሲያንጠባጥብ የኖረውን ቧንቧቸውን በግማሽ ሰዓት ሠርቶላቸው ሄዷል። "አክስትነቴ ሌላ፣ ቧንቧዬ ሌላ" አሏት። "አላጠፋም። ከፈለግሽ አትቁጠሪኝ።" እታለምም አልቆጠረቻቸውም። ከጥቅም ውጪ የሆነውን ፖስተር ግን ላከችላቸው፤ ሴትዮዋ እኔን ትመስላለች ብለው ሳሎናቸው ውስጥ ሰቀሉት።

ከዚያ ስድስቱን ወጣቶች ሰብስባ ስልክ ፊታቸው አስቀመጠች። እነዚህ ልጆች ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ይውላሉ፣ መደወል ግን አያውቁም። ሰው ከሚያነጋግሩ ራሳቸው ሄደው ቧንቧውን ቢሠሩት ይመርጡ ነበር። "ምን ብለን እንጀምር?" አሏት። "ቧንቧው እንዴት አደረ በሉ" አለቻቸው። የመጀመሪያው ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ደወለ። ሊጠይቅ ያሰበው አንድ ደቂቃ፣ የቆየው ሃያ አምስት ደቂቃ። ሲጨርስ "ሴትዮዋ ጠጋኙን ወዳዋለች፣ ግን ለእህቷ አልነገረችም" አለ። "ለምን?" "የማይታወቅ ወንድ ቤት ማስገባት ትፈራለች እህቷ።" ይህንኑ በዚያ ሳምንት ከአሥራ አንድ ሰው ሰሙ። ዳሽቦርዱ ላይ እንዲህ የሚል መስመር አልነበረም።

እታለም ማስታወቂያውን ሁሉ አወረደች። በምትኩ የጠጋኞቹን ፎቶ አወጣች፣ ከነስማቸው፣ ከነፈገግታቸው፣ በየትኛው ሰፈር ስንት ቤት እንደጠገኑ ከሥሩ ተጽፎ። በር ከመንኳኳቱ በፊት የሚመጣው ሰው ፊት ስልክህ ላይ ይደርሳል። ግራፉ አንድ ቀን ሊቆጣጠር መጥቶ ራሱ ስልክ ይዞ ቁጭ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አልተነሳም። አርባዎቹ ጠጋኞች በድንገት ዝነኛ ሆነው ፀጉራቸውን መስተካከል አበዙ፣ ወንድ አላስተናግድም እንጂ ለእኔም ገበያ ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው ከሩቅ በሰማሁት ነው። አራት ቅዳሜ እኔ ጋ አልመጣችም። ስደውል "ሥራ ላይ ነኝ" ትላለች፣ ትዘጋለች። በሁለተኛው ሳምንት የፀጉር ቤቴ የውሃ ማሞቂያ ተቃጠለ። አፑን መክፈት ተከልክያለሁ፤ ሌላ ጠጋኝ መጥራት ደግሞ ክህደት መሰለኝ። "ለዚህ ለአንዴ ብቻ ልክፈተው?" ብዬ መልእክት ላኩላት። "ጠብቂ" የሚል መልስ መጣ። ስለዚህ የሰው ፀጉር በማንቆርቆሪያ አጠብኩ። አንዷን አቀዘቅዛለሁ፣ ሌላዋን አቃጥላለሁ፣ ይቅርታ ስል እውላለሁ። ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩት፣ እውነቴን ነው። የከፋኝ የእሷ ወንበር ባዶ መሆኑ ነው።

ወሩ ባለቀ ማግስት ከሰዓት በኋላ መጣች። ደረጃው ላይ ኮቴዋን አወቅሁት፣ አልሮጠችም። ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን አሸች። እኔ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

"ሺህ አርባ ሦስት" አለች። "አንድም ዘመድ የለበትም። ኃላፊ ሆኛለሁ።"

 "እታለም…" አልኩ።

"አሁን ክፈችና ለማሞቂያሽ ሰው ጥሪ። ሙሉ ዋጋ ትከፍያለሽ።"

"እከፍላለሁ። ይቅር በይኝ። ፈርቼልሽ ነው እንጂ ንቄሽ አይደለም።"

 "እኔም ፈርቼ ነበር" አለች። ድምጿ ቀስ ያለ ነበር፣ ግን እንደዚያ ቅዳሜው የሚያስፈራ አልነበረም። "አንቺ መፍራትሽን ሳውቅ ግን እግሬ ከዳኝ። ሌላ ጊዜ ስትፈሪልኝ መጥተሽ አጠገቤ ተቀመጪ። ሰው አትሰብስቢብኝ።"

እሺ አልኳት። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።